የሠራተኛ ቁጥሬን ያገኘሁ ቀን

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደሴ ነው። የሐይቁ ቅርንጫፍ የተከፈተው ከጦርነቱ በኋላ ሲሆን አምስት ሠራተኞች ነበርን። ከአምስታችን የሠራተኛ ቁጥሩን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራ ያስገባችኝ ያገሬ ልጅ ናት። ሁለታችንም አምባሰል ነው የተወለድነው፤ ከውጫሌ ወጣ ብሎ የእነሱን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። በሰባት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራት። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ጅዳ ሄዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ስትመለስ ግራ እጇ ላይ ከክርኗ እስከ አንጓዋ የሚደርስ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ ነበራት። ማን እንዳቃጠላት ተናግራ አታውቅም። ብቻ ወሬው በተነሳ ቁጥር፣ ወላሂ ከእንግዲህ ያችን አገር በሥዕልም አላያት ትላለች። እናቷን የምታኖረው እሷ ነበረች።

ሱፐርማርኬቱ ሲከፈት መጀመሪያ ከተቀጠሩት አንዷ ሆነች፤ ብዙም ሳይቆይ የፈረቃ ኃላፊ አደረጓት። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን በእግሯ እኛ ቤት ድረስ መጣችና አባቴን ለመነችው። «ልጅዎን ለኔ ይስጡኝ፤ ከኔ ጋር ትሁን» አለችው። አባቴ በዚያን ጊዜ አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ድምፅዋ ወደመጣበት ዞሮ፣ አማና ሰጥቼሻለሁ፣ አደራዬ ናት አላት። ይህን ሲላት አጠገባቸው ቆሜ እሰማ ነበር።

ሐይቅ ውስጥ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። ደንበኛን እንዴት እንደሚያነጋግሩ፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ዕቃ እንዴት ወደ ፊት እንደሚያወጡ፣ የሚጮህን ሰው እንዴት ዝም እንደሚያሰኙ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ሲጥለኝ ዘጠኝ ቀን አስታማኛለች። ከሥራ ስትመለስ ዓሣ ገዝታ መረቁን በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ ኋላ የሆነውን ብቻ ብናገር ሰው እኔን ሞኝ፣ እሷን ደግሞ ከመጀመሪያውም ክፉ አድርጎ ያያታል።

የሽያጭ ማሽኑ ጠዋት ሲከፈት የሠራተኛ ቁጥር ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን የራሷን ቁጥር አስገባችና፣ ያንቺ ከደሴ እስኪመጣ በዚሁ ሥሪ አለችኝ። ከወር በኋላ ጠየቅኳት፤ አልመጣም አለች። ከሦስት ወር በኋላም ጠየቅኳት። «ደሴ ያሉት ሰዎች ሥራቸው እንዲህ ነው፣ አብሽሪ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተውኩት። ሌሎቹ ፎቷቸው ያለበት ባጅ ደረታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ለኔ ግን ስሜን በወረቀት ላይ በሚያምር ጽሕፈት ጻፈችና ከፎቶ ኮፒ ቤት በፕላስቲክ አስለብጣ አመጣችልኝ። ደስ ብሎኝ ነው ያጠለቅኩት።

የብልሽት ቅጽ የሚባል ነገር ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ የተሰበረው፣ የፈሰሰው፣ ጊዜው አልፎበት መደርደሪያ ላይ የተገኘው ዕቃ ይጻፍበትና ደሴ ይላካል። የሠራተኛ ስም አይጻፍበትም፤ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ከዳር ፊርማ የሚል ዓምድ አለ። ቅጹን የምትሞላው እሷ ስትሆን እኔ እፈርማለሁ። የምስክር ፊርማ ነው፤ ሁለት ሰው ካላየው አይቀበሉትም ብላኝ ነበር። ብዙው መስመር ላይ የሚደጋገም አንድ ቁጥር አለ፤ 417። አንድ ቀን ይህ ማን ነው አልኳት። ደሴ ስቶር ውስጥ ዕቃ የሚጭነው ሰውዬ ነው አለችኝ፤ እሱ ሲጭን ይሰብራል፣ እኛ ተሰብሮ እንረከባለን።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያን ሰው ሳላየው ጠላሁት። ካርቶን ከፍቼ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ባገኘሁ ቁጥር እረግመው ነበር። አንድ ከሰዓት ከስድስት መስመር በላይ ፈርሜ ስጨርስ፣ ይህን ያህል ካጠፋ ለምን አያባርሩትም አልኳት። ሳሙና እየደረደረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ደሃ ነው። ተይው» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ከደሴ ማስታወቂያ ተላከ። ውጫሌ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፈት ስለሆነ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ለኃላፊነት ማመልከት ይችላል ይላል። ከማመልከቻው ራስጌ የሠራተኛ ቁጥር ይጻፍ ይላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው፤ ሁለተኛው ዓይኑም እየደከመ ነበር። ውጫሌ ብሠራ ማታ ማታ ከሱ ጋር ማደር እችላለሁ። ለሷም ይህንኑ ነገርኳት። በጣም ደስ አላት፤ ወይም ደስ ያላት መሰለኝ። አንቺስ አታመለክቺም ብዬ ስጠይቃት፣ እኔ ሐይቅን አልለቅም አለች። ቁጥሬንም ራሷ ደሴ ደውላ እንደምትጠይቅልኝ ነገረችኝ።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት አለፈ። ሁልጊዜ መልሱ ስልክ አያነሱም ነው። የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ሌላዋን ካሸር ጠየቅኳት። እሷም ግራ ገብቷት፣ ባጅሽ ላይ አለ እኮ አለችኝ፤ የራሷን ገልብጣ ከፎቶው ሥር ያለውን ቁጥር አሳየችኝ። የኔን ባጅ አንስታ አገላበጠችው። ምንም የለበትም። ዝም ብላ ደረቴ ላይ መለሰችልኝ። ያ ዝምታዋ ነው ጠርጥሬ የማላውቀውን ነገር ያስጠረጠረኝ።

በማግሥቱ አባቴን ላየው ነው ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። እሷን ስዋሻት የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ውጫሌ የሚሄደውን መኪና ትቼ ደሴ የሚለው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የሰረቅኩ ያህል ፈራሁ። መንገዱን ሙሉ ስመለስ ይቅርታ እንደምጠይቃት ለራሴ እየነገርኩ ሄድኩ።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ረጋ ያለ ሰው ነው። ቁጥሬን ልጠይቅ እንደመጣሁ ስነግረው ሳቀ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርተሽ ቁጥርሽን አታውቂም አለኝ። መታወቂያዬን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ።

«አራት መቶ አሥራ ሰባት» አለ።

የተሳሳተ መሰለኝ። አይ፣ ያ የስቶሩ ሰውዬ ቁጥር ነው አልኩት። የትኛው የስቶር ሰውዬ አለኝ። ዕቃ የሚጭነው፣ የሚሰብረው አልኩት። ሰውየው መሳቁን አቆመና ተነሥቶ ከቁም ሣጥኑ አንድ ማኅደር አወጣ። ከላዩ ላይ ስሜ ተጽፏል። ከስሜ ሥር 417 ይላል።

ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠልኝ። ቅጾቹ ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ፊርማዬ በየመስመሩ አለ። እኔ ያላየኋቸው ሌሎች ወረቀቶችም ነበሩ። ሱቁን አርፍዳ ከፈተች፣ ደንበኛ ተሳደበች፣ ሳታስፈቅድ ከሥራ ወጣች የሚሉ። የሱቁ ቁልፍ አንድ ቀን እንኳ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ሁለቱንም የተቀበለችልኝ እሷ ናት። ባጄም በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት ተልኮ ነበር። የርክክብ መዝገቡ ላይ የሷ ፊርማ አለ።

«በዚህ ቁጥር የተሸጠ ምንም ነገር የለም» አለኝ ኃላፊው። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሳሙና አልሸጥሽም ማለት ነው?»

ግሸን ሲነግሥ ያሉት ቀኖች ትዝ አሉኝ። ተሳላሚ የጫነው አውቶብስ ሁሉ ሐይቅ ላይ እየቆመ ውኃና ብስኩት ይገዛል፤ ከማሽኑ ፊት ከንጋት እስከ ምሽት ሳልቀመጥ እውላለሁ። እሷ እግሬን አይታ ወንበር ብታመጣልኝም የምቀመጥበት ጊዜ አልነበረም። ያ ሁሉ የተመዘገበው በሷ ቁጥር ነው። እኔ የሸጥኩት የሷ፣ እሷ የሰበረችው የኔ ሆኖ ኖሯል።

ጠረጴዛው ላይ ለውጫሌው ቦታ ያመለከቱት ሰዎች ዝርዝር ነበር። ላየው ብዬ አይደለም ያየሁት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ዓይኔ ራሱ ለየው። በየማለዳው ማሽኑ ላይ የምመታው ቁጥር ነው። የሷን ቁጥር እንደ ስልኬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያመለከተችው ማስታወቂያው በተለጠፈ በማግሥቱ ነው።

ኃላፊው ውኃ ሰጠኝ። ቅሬታ ካለሽ ጻፊ፣ ለኮሚቴ አቀርበዋለሁ አለኝ። ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እህቴ፣ ፊርማውን ምን እናድርገው አለ። ወረቀት ተቀብዬ እዚያው ጻፍኩ፤ ማመልከቻዬንም ጻፍኩ። ከራስጌው 417 ብዬ ስጽፍ እጄ የሰው ስም የሚጽፍ ይመስል ነበር።

ሐይቅ ስደርስ የዙሁር ሶላት ሰዓት ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። እሷ ከኋላ የሕፃን ዱቄት ወተት ትቆጥራለች። አባባ ደኅና ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ደሴ ነበርኩ አልኳት። እጇ መቁጠሩን አቆመ። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

ብዙ ሳትቆይ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። እኔ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ ካርቶን የወይራ ዘይት ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ኃላፊ ከተደረገች ወር አልሞላትም። አዲስ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጥፋት እንደማይባረር ታውቅ ስለነበር የኔን ቁጥር ጻፈች። አንዴ ብቻ ብላ ነበር። ባጄ ሲመጣ ቁጥሩን ካየሁ ይታወቃል ብላ ደበቀችው። ባጁን ስለደበቀች ደግሞ በማሽኑም የራሷን መምታት ግድ ሆነ። እናቷ ታመው ወደ ውጫሌ ስትመላለስ ሱቁን ያረፈደችበትንም እዚያው ላይ ጨመረችው።

«ብትነግሪኝ እሸከምልሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ነገ ተመልሰሽ ትናገሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ከዚህ ብትወጪ ሌላ ታገኛለሽ። እኔ ከዚህ ብወጣ የቀረኝ ጅዳ ነው።»

እጅጌዋን አልሰበሰበችም፣ ጠባሳውን አላሳየችኝም። ግን ሁለታችንም ስለሱ እያሰብን ነበር። ላዝንላት ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ የማመልከቻው ዝርዝር ትዝ አለኝና፣ ውጫሌንስ ለምን አልኳት። ወደ ማሽኑ ሄደች፤ ደንበኛ ገብቶ ነበር።

ማታ ወደ ክፍላችን ስገባ ባጄ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ ሻሿን ራሷ እትዬ ናት ያሰረችላት። በነጋታው ዕቃዬን በባጃጅ ጭኜ ሌላ ሰፈር ተከራየሁ።

ኮሚቴው ሁለታችንንም ደሴ ጠራን። እኔ የሆነውን ተናገርኩ። እሷ ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የነገረችኝን አንዱንም አልደገመችም። በኔ ቁጥር ስትሸጥ ተስማምተን ነው፤ የሰበረችውንም ታውቃለች፣ ፊርማዋ ይኸው አለች። ወደኔ ሳትዞር ነው የተናገረችው። ከማኅደሩ ይበልጥ የሰበረኝ ይሄ ነው። ቁጥሬን በፍርሃት ወሰደችው እንበል፤ በዚያች ቀን ግን አጠገቤ ቆማ፣ ሰዎቹ እኔን ሊያምኑኝ እየቃጣቸው ሳለ አውቃ ዘጋችብኝ። ፊርማው ጸና። የውጫሌውን ቦታ እሷ አገኘች። እኔ በገዛ ቁጥሬ ሁለት ወር ሠርቼ ለቀቅኩ። በሁለቱ ወር አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም፤ ለማን እንደማሳይ ግን አላወቅኩም። የሰጡኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት የሚል ቃል አለበት። ሁለት ቦታ አሳይቼው ሁለቱም ጋ ሳይቀበሉኝ ቀሩ። አሁን ደብዳቤ ያልጠየቀኝ አንድ ጫማ ቤት ነው የምሠራው።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሽማግሌ ላከች። እኔን ሳይሆን አባቴን። ሦስት ሽማግሎች፣ አንደኛው የሷ አጎት፣ እኛ ቤት መጡ፤ እኔም ተጠርቼ ከሐይቅ ሄድኩ። እሷ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ለአባቴ ቴምርና የዓይን ጠብታ ይዛ መጥታለች፤ ድሮም ታመጣለት ነበር። ጉዳዩን እስከዚያ ቀን ለአባቴ አልነገርኩትም፤ አማና ያላት እሱ ነውና ልነግረው አልደፈርኩም። ከሽማግሎቹ አፍ ነው የሰማው።

አጎትየው ረጅም ንግግር አደረጉ። ወሩ የምሕረት ወር ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተቀያይሞ ጾም አይያዝም፤ ልጅቱ አጥፍታለች፣ ይቅር ብለሽ አውፍ በያት አሉ። እሷም ከተቀመጠችበት፣ አውፍ በይኝ አለች። ድምፅዋ እውነተኛ ነበር። ይህን አልክድም።

እኔ አውፍ እላለሁ አልኩ። መጀመሪያ ግን ደሴ ሄዳ ለእኔ የነገረችኝን ለነሱ ትንገራቸው። ሽማግሎቹ ተያዩ። አንዱ፣ እንደዚያ ካለች ከሥራ ትወጣለች እኮ አሉ። ሌላው፣ ይቅርታ በቅድመ ሁኔታ አይሆንም አሉ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ፤ ልጅን የሚያሳምነው አባት ነውና። ይቅር በያት ሊለኝ ነው ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ፤ ካዘዘኝ እሺ ልል ነበር።

«የተሰበረው ዕቃ በልጄ ላይ ከተጻፈ፣ መጀመሪያ ከሷ ላይ ይነሣ» አለ። «አውፉ ከዚያ ይከተላል። እኔም እኮ አማና ሰጥቼ ነበር።»

ቴምሩን በእጁ ዳብሶ አገኘውና ወደ በሩ አቅጣጫ በቀስታ ገፋው። የዓይን ጠብታውንም እንዲሁ። እሷ ተነሣች። ኢንሻአላህ እሄዳለሁ አለች፤ ከፆሙ በፊት እሄዳለሁ ብላ ሽማግሎቹ ፊት ቃል ገባች። ሽማግሎቹም ዱዓ አድርገው ወጡ። ያን ሌሊት አባቴ አልተኛም። ጠዋት፣ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ አለኝ። አንተ ምን አጠፋህ አልኩት፤ ግን እሱም እንደኔ ተከድቷል፤ ላጽናናው አልቻልኩም።

ረመዳኑ ገባ፣ ወጣም። ደሴ ያለው ኃላፊ ስልኬ አለው፤ የመጣ ነገር ቢኖር ይደውልልኝ ነበር። አልደወለም። ከውጫሌ የሚመጡ ሰዎች ግን፣ ታረቃችሁ አይደል፣ እሷ ነገረችን ይሉኛል። አውፍ እንዳልኳት ለሰው ሁሉ ተናግራለች።

የዒድ ዕለት ደወለች። አነሣሁት። ዒድ ሙባረክ ተባባልን። እናቷ ደኅና መሆናቸውን ጠየቅኳት፤ ደኅና ናቸው አለች። እሷም የአባቴን ዓይን ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ ደሴ ሄድሽ ወይ አልኳት።

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አልሰማሽም አለችኝ። እኔ እሷን ጥርት አድርጌ ነበር የምሰማት።